ባለቁልፎቹ

ጠጅቱ መጫወቻ ወታደሩን አገላበጠችው፤ ደገመችው፤ ሠለሰችው። አውራ ጣቷ ከቆቡ ተነሥቶ ፊቱ ላይ ወረደ፤ ከፊቱ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ እንደገና ከቆቡ ጀመረች።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

አትክልት ቀና ብላ አየቻት። ጠጅቱ እነዚህን ሃያ ወታደሮች ነክታ የማን እንደሆኑ ጠይቃ አታውቅም። ዓይኗ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያይም፤ ጣቷ ግን ከብዙ ሰው ዓይን ይፈጥናል።

«ያንቺ ነው እኮ» አለች አትክልት። «ቀዩ። ባለቁልፉ።»

«ቁልፉ የታለ ታዲያ?»

አትክልት ጎንበስ ብላ አየች። የወታደሩ ኮት እንደ ደም ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል። በኮቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩት አምስት ትናንሽ ቁልፎች ግን የሉም። በወፍራሙ ቀለም ተውጠዋል። ሌላውን አነሣች፤ ሦስተኛውን አነሣች። ሁሉም ያው ናቸው።

ወታደሮቹ ከእርሳስ ብረት ቀልጠው የተሠሩ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ናቸው። የጠጅቱ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ከነብስኩት ቆርቆሯቸው ለሷ ሰጥቷት ሄደ። አሥሩ ባለቁልፎች፣ አሥሩ ደግሞ ደረታቸው ላይ ሁለት ጠፍር ያመሳቀሉ ናቸው። ከዚያ ውጪ ቆባቸውም ጠመንጃቸውም አንድ ነው። የሚጫወቱት በሚስማርና በክር አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን በተከፋፈለ ጣውላ ላይ ሲሆን፣ ወታደር የሚራመደው ከከረጢት በሁለት ጣት ቆንጥረው ባወጡት ባቄላ ቁጥር ነው። ጠጅቱ ጣውላውን በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳሰስ ታደርግና የሁለቱንም ጦር አሰላለፍ ታውቀዋለች። ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈውም እሷ ነበረች።

አትክልት ከአባቷ ጋር ከደሴ ወደ ሰበታ የመጣችው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። እናቷ የታመሙ እናታቸውን ሊያስታምሙ እዚያው ቀሩ። አባቷ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ እሳቸው ሲገቡ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ስትገባ እሳቸው እንቅልፍ ላይ ናቸው። ትምህርት ቤት ልጆቹ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ በእረፍት ሰዓት ኦሮምኛ ያወራሉ። ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ አብራ ፈገግ ትላለች፤ ያ ደግሞ ዝም ከማለት ይብሳል። ምሳዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብቻዋን ትበላለች። ብቸኝነት ይለመዳል የሚሉ ሰዎችን ምሳቸውን ከማን ጋር እንደሚበሉ መጠየቅ ነው።

ጠጅቱን ያገኘቻት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዳቦ ይዘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱን ሊጠይቁ ሲሄዱ ተከትላ ነው። ልጆቹ ዳቦውን ሰጥተው ተመለሱ። አትክልት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዋን መጣች። የጠጅቱ ቤተሰቦች ያሉት ሱሉልታ ነው፤ በዓመት አንዴ ቢመጡ ነው። በጠያቂ ቀን የሚጠይቃት የሌላት አንዲት ልጅና፣ የምትጠይቀው የሌላት ሌላ ልጅ እንዲህ ተገናኙ።

ወታደሮቹን መቀባት የአትክልት ሐሳብ ነበር።

«አመድ መስለዋል» ብላ ነበር። «ቀለም ቢያገኙ እኮ ነፍስ ይዘራሉ!»

«ለኔ ሲባል ከሆነ ይቅርባቸው» አለችና ጠጅቱ ሳቀች። ቀጥላ ግን ቆርቆሮውን ወደ አትክልት ገፋችው። «ውሰጃቸው። አንቺ ከወደድሽው ቀቢያቸው።»

ጅማ መንገድ ዳር የጭነት መኪና በርና የሱቅ ታፔላ የሚጽፉ ኦቦ ገርባ የሚባሉ ቀለም ቀቢ አሉ። አትክልት በየቀኑ ከትምህርት መልስ ደጃቸውን እየጠረገች፣ እሳቸው በየጣሳው ሥር የተረፈውን ቀለም ይሰጧታል። አንድ አሮጌ ብሩሽ ወስደው ጥቂት ፀጉር ብቻ እስኪቀረው ድረስ በምላጭ አሳስተው ሰጧት።

«መጀመሪያ በሳሙና እጠቢያቸው፤ ቅባት ካለባቸው ቀለሙ አይዝም» አሏት። «ከዚያ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኚው። እንደ ወተት ይሁን። አንዴ ቀብተሽ ተዪው፤ ይድረቅ። ነገ ትደግሚዋለሽ፤ ከነገ ወዲያ ትሠልሺዋለሽ። ገብቶሻል ኢንተላ፣ ልጄ?»

ገብቷት ነበር። በመጀመሪያው ወታደር ላይ ብሩሹ አመለጣትና አፍንጫውን ሰማያዊ አደረገችው። ሁለተኛው ላይ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ቀባች፤ እጇም እሺ አላት። ፀጥ ባለው ቤት ውስጥ ብሩሹን ይዛ ስትቀመጥ ደረቷ ላይ የከረመው ነገር ቀለል ይላት ጀመር። ደስ አላት። ከደሴ ከመጣች ወዲህ የራሴ የምትለው ደስታ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

ነገሩን ያበላሸው የወላጆች ቀን ነው። መምህር አሥራት ሰኞ በሚደረገው በዓል ተማሪዎች የእጅ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ጠረጴዛ እንደሚዘጋጅ ተናገሩ። እጅ አውጥታ የማታውቀው አትክልት እጇን አወጣች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በቀጭኑ የተቀባው ቀለም ደግሞ ሥሩን ያሳያል፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይፈልጋል። የቀሩት አሥራ ሰባት ወታደሮች ናቸው። ስለዚህ አኳራጁን ተወችው። ቀለሙን ከጣሳው እያወጣች እንዳለ ጫነችባቸው፤ ቀድሞ በደንብ የተቀቡትን ሦስቱንም ከሌሎቹ ጋር እንዲመሳሰሉ ብላ ደረበችባቸው። ሐሙስ ጨረሰች። ትንሽ ራቅ ተብለው ሲታዩ የሚያምሩ ነበሩ።

ዓርብ ለመምህር አሥራት ልታሳያቸው ስትወስዳቸው ሙሉዬ አየቻቸው። የክፍሉ ልጆች ሁሉ የሚከተሏት ሙሉዬ!

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው? በማርያም! አራዳ ነሽ ለካ!» አለቻት። «ሰኞ ከኛ ጋር ተቀመጪ እሺ? ምሳም ከኛ ጋር ትበያለሽ።»

አትክልት ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እየሮጠች ነበር።

አሁን ቅዳሜ ነው። ጠጅቱ ሁለት ወታደሮችን በሁለት እጇ ይዛ እያመዛዘነች ነው፤ አንደኛው ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች።

«በሌላ እናውቃቸዋለን» አለች አትክልት ቶሎ ብላ። «እኔ እነግርሻለሁ። ስትነኪው ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው እልሻለሁ።»

«እንደሱ ከሆነ የምትጫወቺው አንቺ ብቻ ነሽ።» ጠጅቱ በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ወታደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰችና ክዳኑን ገጠመችው። «ቆንጆ ናቸው?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«በቃ ሰኞ ይታዩልሽ። ያዣቸው፤ አንቺ ጋ ይሁኑ።» እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተቻቸው። አትክልት እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው አይታቸው አታውቅም ነበር። «ፈረንጁ ሲሄድም ጨዋታው ቀርቶብኝ ነበር፤ እለምደዋለሁ። ደግሞ እንዳታለቅሺ፣ ይሰማኛል።»

«አላለቀስኩም» አለች አትክልት እያለቀሰች።

ከግቢው ስትወጣ በቀጥታ ወደ ኦቦ ገርባ ሄደች። ሽማግሌው የአንድ ጭነት መኪና በር ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን እየጻፉ «ይመ» ላይ ደርሰው ነበር። አትክልት ቆርቆሮውን ከፍታ ዘረጋችላቸውና የጠጅቱንም፣ የሰኞንም፣ የሙሉዬንም ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አንዱን ወታደር አንሥተው በጥፍራቸው ጫን አደረጉት።

«ዋቃዮ! እኔ ልብስ አልብሺው አልኩሽ እንጂ ጋቢ ደርቢበት ብዬሻለሁ?»

«ይለቃል ወይ ኦቦ ገርባ?»

«ገና ሥሩ አልደረቀም። ዛሬ ከሆነ አኳራጁ ውስጥ ነከር አድርገሽ በጨርቅ ብታሺው ይለቃል። ቁልፉን ሳይነካ።» ወታደሩን መለሱላት። «እስከ ሰኞ ማታ ከቆየ ግን ድንጋይ ነው። ያኔ በቢላ ነው የምትፍቂው፤ ቁልፉም አብሮ ይፋቃል።»

«ዛሬ ከለቀቀ ለሰኞ መልሼ አልቀባቸውም?»

«እኔ ያልኩሽን ሰምተሽ ከቀባሽ አትደርሺም። እንደገና ጋቢ ከደረብሽባቸው ትደርሻለሽ።» ከት ብለው ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት። ጥቂት አኳራጅ በባዶ የቲማቲም ጣሳ ቀድተው አጠገቧ አስቀመጡላትና ወደ «ይመ» ተመለሱ።

አትክልት በተገለበጠ የቀለም በርሜል ላይ ተቀመጠች። የጅማ አውቶቡስ አቧራውን እያስነሣ አለፈ። ስለ ሰኞ አሰበች። ጠረጴዛው ላይ በሁለት መስመር የተሰለፉት ቀይና ሰማያዊ፣ ዙሪያውን የቆሙት የሰው ወላጆች፣ መምህር አሥራት ስሟን ሲጠሩ፤ ከዚያ ምሳ፤ ሙሉዬ ጠጋ ብላ ቦታ ስትለቅላት። በጣም ፈለገችው። ይሄን ያህል የፈለገችው ነገር አልነበረም። ደግሞስ ማን ይቀየማታል? ጠጅቱ ራሷ ውሰጃቸው ብላለች። ሰው ምን ይላታል?

ማንም ምንም አይላትም። ጠጅቱም ቅዳሜ ስትሄድ «አካም ጂርታ» ብላ በፈገግታ ትቀበላታለች፤ እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ።

ከቆርቆሮው ውስጥ ጢም ሥላ የባለቁልፎቹ አዛዥ ያደረገችውን መረጠች። ከሁሉም የምትወደው እሱን ነው፤ ጢሙን ብቻ ለመቀባት አንድ ሰዓት ፈጅቶባታል። ጢሙን ለመጨረሻ ጊዜ አየችና ጣሳው ውስጥ ነከረችው።

ቀይ ቀለም በአኳራጁ ውስጥ ተፈታ። አውጥታ በጨርቅ አሸችው፤ ነከረችው፤ እንደገና አሸችው። መጀመሪያ ቆቡ ግራጫ ሆነ። ጢሙ ቀጠለ። እጇ እስከ አንጓዋ ቀላ፤ ዓይኗን ሽታው ቆጠቆጣት፤ ወይም ሽታው ብቻ አልነበረም።

ኦቦ ገርባ ከመኪናው በር ሳይዞሩ «ለአስተማሪው ምን ልትይ ነው?» አሏት።

«ለሰኞ አልደረሰም እላቸዋለሁ።»

«ለዚያችስ ልጅ? ሰኞ ከኛ ጋር ተቀመጪ ላለችሽ?»

አትክልት ጨርቁን አገላብጣ ማሸቷን ቀጠለች። ለሙሉዬ የምትለውን ገና አላወቀችውም። ምናልባት ምንም አትልም፤ ምናልባትም ምሳዋን ይዛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ትሄዳለች።

አዛዡን ወደ ብርሃን አቀናችው። የጸዳ ይመስላል። ግን ዓይኗ ሐሙስ ዕለትም እንደዚሁ ያምራሉ ብሏት ነበር። ዓይኗን ጨፈነችና አውራ ጣቷን ከቆቡ ጀምራ ወደ ታች አወረደችው፤ ፊቱ ላይ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው የለም።

እንደገና ነከረችው፤ በጨርቁ ጫፍ ቀስ ብላ አሸችው። ዓይኗን ሳትገልጥ ከመጀመሪያው ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት።

አዛዡን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። እንደጨፈነች እጇን ወደ ቆርቆሮው ሰደደችና የሚቀጥለውን አነሣች።