ሯጭ መቆም ያቅተዋል?

ሯጩ ያሬድ የሞተው መርሳ ከተማ፣ ልምምድ ሜዳው ዳር፣ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ወድቆ ነው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ! ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ከወልድያ ስትደርስ «ገዳዩ» ተይዞ ጠበቃት። የቡድን ጓደኛው አቡበከር በካቴና ታስሮ ፒካፕ ላይ ተቀምጧል።

«ወላሂ አልነካሁትም! ወንድሜ እኮ ነው!» ይላል። ማን ሰምቶት!

የከሰሰው አሰልጣኛቸው ግርማ ነው። «ለአንድ የውድድር ቦታ ይፎካከሩ ነበር። ሲገፈትረው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ፍሬሕይወት ተንበርክካ የሟቹን መዳፍ ገለጠች። ጭረት የለበትም። አገጩና ግንባሩ ግን ደቅቋል። ከጠርዙ አጠገብ ያለው ጭቃ ላይ የእሱ ሁለት ጫማዎች ጎን ለጎን ጠልቀው ታትመዋል።

«ዛሬ ልጆቹ ምን ያህል ሮጡ?» ስትል ግርማን ጠየቀችው።

«ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ያሬድ መጨረሻ ገባ።»

«መጨረሻ የገባ ምን ይደረጋል?»

«ይመከራላ!»

ወደ ዘበኛው ወደ ጋሼ ንጉሴ ዞረች። «አንቱ በሩ ላይ ነበሩ። አቡበከር የት ነበር?»

ሽማግሌው ግርማን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ቧንቧው ጋ ለሶላት ውዱእ ያደርግ ነበር፣ ልጄ። ሌላውን አትጠይቂኝ፤ እንጀራዬ ነው።»

አቡበከርን አስወርዳ ሁሉንም ፀሐይ ላይ አቆመቻቸው። «ማንም እንዳይቀመጥ!»

ንዴቷ ፊቷን አቅልቶታል። «የተገፈተረ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ ይላጣል። ያሬድ ግን በፊቱ ተደፋ፤ መሬት ሳይነካ ራሱን ስቷል። ጭቃው ላይ የሌላ ሰው ዱካ የለም። የእሱ የጠለቀው ብዙ ቆሞ ነው።»

ግርማ ሳቀ። «ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው መቆም ያቅተዋል?»

«ያቅተዋል! የፖሊስ ክለብ ሯጭ ሳለሁ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፌ የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ሮጠው የማያውቁት ጸሐፊዎች ቆመው ቀሩ። ሲሮጥ እግሩ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ደርቆ ሲቆም ደሙ እግሩ ላይ ይቀራል። የለመደ ሯጭ ልቡም ዝግ ብሎ ነው የሚመታው። በዚያ ላይ በላብ ውሃው አልቋል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱ ይዞራል። አሰልጣኝ ሆነህ ይህን አታውቅም?»

«እንጀራውም ይቅር!» ብለው ጮሁ ጋሼ ንጉሴ። «‹ለዘገየህበት ቅጣትህ ነው› ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ገተረው! ልጁ ‹ልቀመጥ› እያለ ሦስቴ ለመነው። እኔም ዝም አልሁ፤ አፈር ልብላ!»

ግርማን ላብ አጠመቀው።

«ኢንስፔክተር... ልቀመጥ?»

ፍሬሕይወት ካቴናውን ከአቡበከር እጅ ፈትታ ግርማ እጅ ላይ አጠለቀችው።

«ቁም!» አለችው።