እስከ መጨረሻው ያየ አንድ ሰው

መምህር ስጦታው የሞተው የራሱን ፊልም እያየ ነው። እሑድ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ጋሽ ያየህ ቢቸና ያለውን ቪዲዮ ቤታቸውን ሊያሰናዱ ሲገቡ፣ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኙት። ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ላፕቶፑ ብቻ በባትሪ እየሠራ ነበር። በትንሿ ስክሪን ውስጥ አንዲት አሮጊት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መንገድ ታያለች። የተኛ መስሏቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ሰውነቱ ላይ ቁስል የለም፤ አጠገቡ ጠርሙስ የለም። ፊቱም እንደ ሬሳ አልገረጣም፤ ቀላ ብሎ ነበር።

ከተማው ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አልጠበቀም። «ቅዳሜ ተሳቀበት፤ እሑድ አፍሮ ራሱን አጠፋ» ተባለ። ወሬው የነፍስ አባቱ ጆሮ ደረሰ። አባ ወልደ ሰንበት ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ለሚስቱ ለሙሉዬ የነገሯት ዓይኗን ማየት እያቃታቸው ነው። ቀብሩን እስከ ማክሰኞ ማቆየት ብቻ ነበር የቻሉት። አንድ ሰው ያለ ጸሎት እንደ ከብት እንዳይቀበር፣ እውነቱ በሁለት ቀን ውስጥ መገኘት ነበረበት።

የቢቸናው መርማሪ የሟች የአክስት ልጅ ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ማናለሽ ከሞጣ ተጠራች። አጠር ያለች፣ ብዙ የማትናገር፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ለቅሶው ድንኳን ነው።

ሙሉዬም አስተማሪ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ራሱን አላጠፋም» አለች። «ለሰኞ ፈተና አውጥቶ ጨርሶ ነበር። ሊሞት ያሰበ ሰው ፈተና ያወጣል?»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እሑድ ጠዋት። ሦስት ዓመት አንድ ደጅ ሲቀርፅ ኖረ፤ የቤተሰቦቹን የሞጣ ጎረቤት፣ የሟቿን የእማሆይ ወለተ ኢየሱስን ደጅ። ክረምት አይል፣ በጋ አይል፣ ካሜራውን ይዞ እዚያ ነው። ‹ሰው የማያየው ነገር ለማን ነው?› አልኩት።»

«ምን መለሰ?»

«‹አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ቢያይልኝ ይበቃኛል› አለኝ።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እኔ አንድ ሰው አልነበርኩም? እኔ እንኳ ቁጭ ብዬ አላየሁለትም።»

ማናለሽ የእማሆይን ስም ስትሰማ ክው አለች። በሞጣ ወደ ሥራ ስትሄድ በየቀኑ በዚያ ደጅ ታልፍ ነበር። ስማቸውን ሰው ሲጠራ ብትሰማም፣ አሮጊቷ መኖራቸውንም ሆነ መሞታቸውን ልብ ብላ አታውቅም።

ጋሽ ያየህ ቪዲዮ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሳቅ የለመደ ፊት ያላቸው ሰው ናቸው። ሳቁ ግን ዛሬ አልመጣም።

«ጋሽ ያየህ፣ ቅዳሜ ምን ሆነ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቻይናውንም ህንዱንም አማርኛ ያናገርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ፊልሙ ሲታይ ማይክ ይዤ እቆምና የሚሉትን ለሰው እተረጉማለሁ። ቋንቋቸውን ባላውቀውም ሰው ይወድልኛል። የመምህር ስጦታው ፊልም ግን ወሬ የለው፣ ዘፈን የለው። አሮጊቷ ተቀምጣ መንገድ ታያለች፤ ትንፍሽ አትልም። ሩብ ሰዓት ሲሆን ሰው ማፏጨት ጀመረ። እኔም ማይኩን አነሣሁና አናገርኳት።»

«ምን አሰኟት?»

መሬት መሬት አዩ። «‹የጠፋችው ዶሮዬ በየት ሄደች?› አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ይሄኔ ደምለው ከኋላ ተነሣ። ሹፌሩ ደምለው፣ የአሮጊቷ ልጅ። ‹እናቴን መሳቂያ ያደረገ ሰው ውሎ አያድርም› ብሎ ስጦታው ላይ ጮኸና በሩን በርግዶ ወጣ። እኔም ፊልሙን አቋርጬ ሌላ ከፈትኩ።»

«እርስዎ በሠሩት ስጦታው ላይ ጮኸ?»

«ተመካክረን ያደረግነው መሰለው። እኔም አላስተባበልኩም።»

«ስጦታውስ?»

«‹ነገ ከሰዓት ቤቱን ፍቀዱልኝ፣ ብቻዬን አየዋለሁ› አለኝ። በስምንት ሰዓት ጄኔሬተሩን አስነሥቼለት ሄድኩ፤ መብራት ቅዳሜም እሑድም አልነበረም።»

«ጄኔሬተሩ የት ነው የሚቆመው?»

«እዚሁ በረንዳው ላይ፣ ከበሩ ጎን።»

«ጩኸቱ ፊልሙን አይረብሽም?»

«የኛ ፊልም ተኩስና ዘፈን ነው። ጄኔሬተሩን ማን ይሰማዋል?»

ማናለሽ ወለሉን አየች። ጄኔሬተሩ ለዓመታት የቆመበት ቦታ በዘይት ጠቁሯል፤ እሱ ግን ከጥቁሩ ቦታ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሟል።

«ማን አንቀሳቀሰው?»

«እኔ እንጃ» አሉ ጋሽ ያየህ። መልሱ ፈጠነ። እጃቸውም የኮታቸውን ቁልፍ መፍታትና መቆለፍ ጀመረ።

ወደ ውስጥ ገባች። አዳራሹ ብርሃን እንዳይገባው መስኮቱ ሁሉ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። አየር የሚገባበት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ያውም በሩ ላይ ያለው፣ እጅ የምታሾልክ የትኬት ቀዳዳ። ከአዳራሹ ኋላ፣ በሩ ወደ ጓሮ የሆነ ዕቃ ቤት አለ። ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ጣራ አይደርስም፤ ከላይ ያለው ክፍተት በነጭ ማዳበሪያ ተሸፍኖ ማዳበሪያው ተቀዷል። አግዳሚ ላይ ቆማ ጣቷን አሳረፈችበት። ጣቷ በጥላሸት ጠቆረ።

ደምለውን ያገኘችው መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ወደ ደጀን ሊነሣ የጎማውን ብሎን ሲያጠብቅ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

«‹ውሎ አያድርም› ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። አልክድም።»

«እናትህ የሞቱት መቼ ነው?»

«ነሐሴ ላይ።» መፍቻውን አስቀመጠ። «ደጀን ላይ መኪናዬ ተበላሽቶ ነበር። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። አፈሩን ነው ያየሁት።»

«ፊልሙን ከቅዳሜ በፊት አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም። መኖሩንም አልሰማሁም።»

«እናትህ ፊልሙ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ታደርጋለች፣ ትቀመጣለች። መኪና ሲመጣ ብድግ ትላለች። ‹የሱ አይደለም› ብላ ደግሞ ትቀመጣለች።»

«እሑድ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ።»

ማናለሽ ሁሉንም ጻፈችና እንዳይሄድ ነገረችው። ከዚያ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አምስት ሰዎች አነጋገረች። አንዱ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አንዱ እስካሁን እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሽንኩርት የምትቸረችረው ውቢት ግን፣ ሁሉም ሲስቅ እሷ እንባዋ እንደመጣባት ተናገረች። «ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለች። «የምትጠብቀው ሰው ያላት መሰለኝ።» አሮጊቷ ምን እንዳሉ ሲጠየቁ አምስቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፤ «ምንም አላሉም።»

አመሻሹ ላይ ማናለሽ ላፕቶፑን ከፍታ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሁሉንም በቪዲዮ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ሙሉዬ ከፊት ተቀመጠች፣ አባ ወልደ ሰንበት ከጎኗ። ጋሽ ያየህ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ደምለው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። መብራት መጥቶ ነበር።

«መጀመሪያ ስለ አሟሟቱ» አለች ማናለሽ። «ሐኪሙ የመርዝ ምልክት አላየም። የደም ምርመራው ውጤት ሳምንታት ይፈጃል፤ የፊቱ መቅላት ግን የጄኔሬተር ጭስ የገደለው ሰው ምልክት ነው ብሎኛል። ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ቢውል ሰው አይገድልም። እሑድ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶበት ሠርቷል። ማዳበሪያው ላይ ያለው ጥላሸት የሁለት ቀን ነው። ጭሱ በክፍተቱ አልፎ ወደዚህ ገባ። ጋሽ ያየህ፣ ወደ በረንዳው የመለሱት እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ያየህ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ዕቃ ቤት ውስጥ ሳየው ገባኝ። የኔ ጄኔሬተር፣ የኔ ቤት፣ ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እርስዎ ፈርተው ዝም ሲሉ ይህች ሴት ባሏን ያለ ፍትሐት ልትቀብር ነበር» አለች ማናለሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ስጦታው ራሱ አስገብቶት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። በጭስ ሊሞት ያሰበ ሰው ግን የትኬቷን ቀዳዳ ክፍት አይተዋትም፤ ስጦታውም አግዳሚው ላይ ፊልሙን እንደከፈተ ነው የተገኘው። ታዲያ ሌላ ማን አስገባው? ሊገድል የፈለገ ሰው ነው ብዬ ትናንት ግማሽ ቀን ተሳሳትኩ። ከዚያ ጋሽ ያየህ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። እዚህ የሚታየው ተኩስና ዘፈን ስለሆነ የጄኔሬተሩ ጩኸት ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። የሚያስቸግረው አንድ ፊልም ብቻ ነው። ጄኔሬተሩን ያራቀው፣ ይህን ፊልም መስማት የፈለገ ሰው ነው።»

«ምኑን ነው የሚሰማው?» አሉ አባ ወልደ ሰንበት። «ወሬ የለውም ይባል የለ።»

ማናለሽ ላፕቶፑን ነካች። ደጁ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ታየ። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ቆባቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል። ከሩቅ የጭነት መኪና ድምፅ መጣ። አሮጊቷ መቃኑን ይዘው ብድግ አሉ። መኪናው አለፈ፤ አቧራው ደጁን ሸፈነው። ተመልሰው ሲቀመጡ፣ ለሰው ሳይሆን ለራሳቸው፣ በጣም ቀስ ብለው ተናገሩ።

«የሱ አይደለም። ደህና ይግባ ብቻ።»

ሙሉዬ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጋሽ ያየህ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ታች ተንሸራተቱና ተቀመጡ።

«ይህ አርባኛው ደቂቃ ላይ ነው» አለች ማናለሽ። «ቅዳሜ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ተቋርጧል። ፊልሙ ያለው ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢቸና ውስጥ እማሆይ እንደተናገሩ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ሰው ‹የሱ አይደለም ብላ ትቀመጣለች› አለኝ። ከቅዳሜ በፊት ፊልሙን እንዳላየም ነግሮኛል።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ደምለው አልሸሸም።

«ልመታው ነበር የመጣሁት» አለ። «በሩ ጋ ስደርስ በትኬቷ ቀዳዳ አየኋት። እናቴን። ከዚያ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቅዳሜ ሰድቤዋለሁ፣ በምን ዓይኔ ልግባ? ከውጭ ቆሜ አየሁ። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጄኔሬተሩ ግን ጆሮዬ ሥር ነው። ድምፅዋን ከሰማሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ፊልሙ አልቆ እንደገና ሲጀምር ሞተሩን እየሠራ እንዳለ ከነረጅም ገመዱ ጎትቼ ዕቃ ቤት አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁበት። ተመልሼ ቆሜ ጠበቅኩ። ሰማኋት።»

በሩ ላይ ያለችውን የትኬት ቀዳዳ በጣቱ ነካ።

«እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እንደኔ የሚያለቅስ መሰለኝ። ብገባ አብረን እናለቅስ ነበር፤ አፈርኩና ሄድኩ። መሞቱን ስሰማ ራሱን አጠፋ አሉኝ፤ አመንኩ። ገዳዩ እኔ መሆኔን አሁን ነው የማውቀው።»

«ሆን ብለህ አይደለም» አለች ማናለሽ። «ሰው ግን ሞቷል። የቀረውን ፍርድ ቤት ይመዝነዋል።»

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሏት ሙሉዬን። «ፍትሐቱ ሙሉ ይሆናል። በስድስት ሰዓት እንቀብረዋለን።»

ሙሉዬ ግን የምታየው ደምለውን ነበር። ሁሉም ትጮህበታለች ብሎ ጠበቀ።

«እስከ መጨረሻው አየኸው?» አለችው።

«አየሁት። ሁለት ጊዜ።»

«አንድ ሰው ነበር የሚፈልገው» አለች። «አንድ ሰው ብቻ። በሩ ላይ ቆመህለታል፤ አላወቀም።» ከዚያ ነው ልቅሶዋ የመጣው።

ልቅሶዋ ሲበርድላት ከመጀመሪያው እንዲከፈትላት ጠየቀች። ስጦታው የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ማናለሽ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም፤ ደምለውን ክንዱን ይዛ አስገባችውና ከኋላ አስቀመጠችው። ጋሽ ያየህ የማይኩን ገመድ ነቅለው፣ ጠቅልለው ዕቃ ቤት አስገቡትና ተመልሰው በሩን ገርበብ አደረጉት። ማንም አላፏጨም። ፊልሙ አምሳ ደቂቃ ነው፤ ለቀብሩ ገና ጊዜ ነበራቸው።