የልምድ ያለህ!

«እነዚህ ሁሉ ተመዝግበው ነው?» አለች የቅመም አክስት፣ በሆቴሉ ፎቅ መስኮት ወደ ታች እያየች።

ቅመም የእንግዶቹን የአንገት ባጅ በፊደል ተራ ስትደረድር ነበር። ትታው ተነሳችና አጠገቧ ቆመች። ከሆቴሉ በር የተነሳ ሰልፍ አጥሩን ይዞ፣ መኪና ማጠቢያውን አልፎ፣ ጥጉ ጋ ታጥፎ ይጠፋል። ጫፉ አይታይም። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሁሉም በብብታቸው ክላሰር ሸጉጠዋል።

«ቲፎዞ በዝቶልናል ማለት ነዋ!» አለች ቅመም። አክስቷ አልሳቀችም።

ቅመም እውነተኛ ስሟ አይደለም። ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ታላቅ ወንድሟ ያወጣላት ነው፤ በዚያው ቀረ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ይህን ሳምንት አክስቷ ቤት እያደረች ጉባኤውን ታግዛለች። አክስቷ ዝግጅት አዘጋጅ ናት። ሠርግ ስትል፣ ምርቃት ስትል ኖራ ዘንድሮ ትልቅ ነገር ተመኘች፤ በከተማው ውስጥ ሰውን የሚያዝናኑ፣ የሚያስደንቁና የሚያስደነግጡ ድርጅቶችን በሙሉ አንድ አዳራሽ ልትሰበስብ። የውሃ መጫወቻ ባለቤቱ ይመጣል። ምግብ በጨለማ የሚያበላው ሰውዬም አለ። ደንበኛውን ክፍል ውስጥ ቆልፈውበት እንቆቅልሽ ፈቶ እንዲወጣ የሚያደርጉ እህትማማቾችም አሉ። የቅመም እናት ይህን ስትሰማ፣ «ሰው ከፍሎ ይታሰራል? ጉድ እኮ ነው!» ብላ እስኪያማት ስቃለች።

ሥራው በእንግሊዝኛ «ኤክስፒሪየንስ ኢንዱስትሪ» ይባላል። አክስቷ ማስታወቂያው በአማርኛም ይውጣ ስትል ቅመም «እኔ ልጻፈው» ብላ እጇን አወጣች። መዝገበ ቃላት ገለጠች፣ ተራቀቀች፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው፦ «ልምድ ይፈልጋሉ? ልምድ የሚፈጠረው እኛ ጋ ነው! ታላቅ የልምድ ኢንዱስትሪ ጉባኤ። የመክፈቻው ዕለት መግቢያ በነጻ።» ማታውን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ስታይ አልጋዋ ላይ ዘላ ነበር።

በሩ ተንኳኳና የጥበቃ ኃላፊው ገባ። ኮፍያውን አውልቋል።

«እትዬ፣ ልጆቹ የሥራ ልምድ የሚሰጡት እዚህ ነው ወይ እያሉ ነው።»

«የምን ልምድ?»

«የሥራ። ‹ልምድ የሌለው ይምጣ ተብሏል› ይላሉ። ዲግሪያቸውን ይዘው ነው የመጡት። እኔማ የእህቴንም ልጅ እዚያው አየሁት።»

አክስቷ ቀስ ብላ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«መዝገበ ቃላቱ ላይ… ልምድ ነው የሚለው» አለች ቅመም። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

ሌላ ሰው ቢሳሳት ያባት ነው፤ እሷ ግን እንዴት? በነሱ ቤት ይህ ቃል እንደ ስድብ ነው። ወንድሟ በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀ ወዲህ በሄደበት ሁሉ «ልምድ አለህ?» ይሉታል። አንድ ቀን ክላሰሩን ወርውሮ፣ «የሚቀጥረኝ ሳላገኝ ልምድ ከየት አባቴ ላምጣ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ እናታቸው «ለምዶብኝ ነው» ለማለት እንኳ ትሳቀቃለች። ወንድሟ አሁን አይጮህም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ብላ ሲሉት «ቆይ» ይላል፣ ተነሳ ሲሉትም «ቆይ» ይላል። አክስቷ ቢሮ ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ሽታ ነበረው። ፊኛና መብራት ነበር የሚሸተው። ቅመም ሁለቱን አላገናኘችም።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«ቅመሜ፣ ምሥራች! ወንድምሽ ተነሳ!»

«እ?»

«ጺሙን ተላጨ! ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ልምድ የሚሰጡበት ቦታ አለ ብሎ፣ እኔን ስሞኝ ወጣ። እልል ልል ነበር እኮ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። ጸልዪለት እሺ?»

ምስኪን እናቷ የአክስቷን ዝግጅት «የጨዋታ ስብሰባ» ብላ ነው የምታውቀው። ወንድሟም ጠይቆ አያውቅም።

«እሺ እማዬ» አለች ቅመም። የባጆቹ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

አክስቷ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። ዋናው ስፖንሰር፣ የውሃ መጫወቻው ባለቤት፣ እየመጣ ነው። በሩ ታፍኖ ካገኘው መኪናውን አዙሮ ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ አዳራሹም ድምፅ ማጉያውም ምሳውም በሷ ላይ ይወድቃል። ጥግ ላይ አንድ መነጽራም ሰው ሻዩን ያማስላል። ውሃ መጫወቻ ቦታዎችን ስለ ወረፋ የሚያማክር ባለሙያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንግግር ያደርጋል።

«ሰውን የሚያማርረው መቆሙ አይደለም፣ አለመንቀሳቀሱ ነው» አለ፣ ማንኪያውን እያስቀመጠ። «በእጁ የያዘውን ተቀበሉት። የሆነ ነገር ያገኘ ይመስለዋል። ደስ ብሎት ይሄዳል።»

አክስቷ ቆም አለች። ከዚያ ቅመምን ከተቀመጠችበት ካርቶን አስነስታ የቀሩትን ባጆች ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ውረጂ። ማስረጃችሁን እዚህ ክተቱ፣ እንደውላለን በያቸው።»

«ግን አንደውልም እኮ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ንገሪኛ! አንቺ በጻፍሽው እኔ ምን ይዋጠኝ?»

አክስቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ካርቶኑን አቀብላት የስፖንሰሩን መኪና ለማየት ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

ቅመም ከሰልፉ ራስ ጀመረች። «ማስረጃችሁን እዚህ ክተቱ፤ እንደውላለን።» መጀመሪያ ላይ ተንተባተበች፤ ቀጥሎ ግን በራሱ ይወጣ ጀመር። «ይመችሽ እህቴ!» አላት አንዱ። ሌላው ክላሰሩን ሳም አድርጎ ከተተው። ባለሙያው እውነቱን ነው፤ የሰጡት ሁሉ እያወሩ፣ እየተጎሻሸሙ ይሄዳሉ። አንድ ልጅማ በስልክ፣ «ተቀበሉኝ! አዎ፣ ተቀበሉኝ!» እያለ መንገዱን ሲሻገር መኪና ሊገጨው ነበር። ቅመምን ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ካርቶኑ እየከበደ ሄደ። መኪና ማጠቢያው ጋ ስትደርስ የምታውቀውን ሸሚዝ አየች፤ ሰማያዊ፣ ኮሌታው በእናቷ እጅ የተሰፋ።

«ቅመም!» ወንድሟ ፊቱ በራ። ከተላጨ በኋላ ጉንጩ ምን ያህል እንደጎደጎደ ያኔ ነው ያየችው። «እንዴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ሰብሳቢዋ? የአክስቴ ስብሰባ ይሄ ነው? ታዲያ ዘመድ እያለኝ ነው በፀሐይ የተሰለፍኩት!»

ከኋላው የቆመችው ልጅ ሳቀች። የተዋሰችው ጫማ ሰፍቷት ተረከዟ ጋ ወረቀት ጠቅጥቃበታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ልጅቷ። «ዜሮ ዓመትም ትቀበላላችሁ?»

ቅመም ሳትመልስላት ወንድሟ ክላሰሩን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠና በመዳፉ አስተካከለው።

«ከላይ አድርጊልኝ፣ በሞቴ። ስልክ ቁጥሬ የፊተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው። መቼ ነው የሚደውሉት?»

ባለፈው ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት «እንደውላለን» ብሎት ነበር። ያን ሰሞን ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ሻወር ቤት ይዞ ይገባ ነበር። ሲያስጨንቀው ጎረቤት ሄዶ በጎረቤት ስልክ ወደ ራሱ ይደውላል፤ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ። ቅመም ስትስቅበት እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ማንም አልደወለም። ከዚያ ነው ወደ ግድግዳው የዞረው።

ለሱ ብቻ በጆሮው ልትነግረው ትችላለች። ጎትታ ወስዳ፣ «ወንድሜ፣ ይቅርብህ» ማለት ነው፤ የሌሎቹን ሆድ ይፍጀው። ጠጋ አለችው። ልጅቷም ጠጋ አለች፤ የጠየቀችው አልተመለሰላትም።

«ሥራ የለም» አለች ቅመም።

«ምን?»

«ሥራ የለም። የሥራ ልምድም አይሰጥም። የመዝናኛ ድርጅቶች ስብሰባ ነው። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ተሳስቼ ነው።»

«ምን አለች?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ቅመም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ማንም አይደውልም! እንደውላለን ያልኩት ውሸት ነው! ይቅርታ አድርጉልኝ!»

አንዱ፣ «ቀልደኛ!» ብሎ ካርቶኑን ነጠቃትና የራሱን ፈልጎ መልሶ ወረወረላት። አንዲት ሴት እናቷን ጠቅሳ ሰደበቻት። ጠይም ረጅም ልጅ ግን፣ «አይዞን ጀለሶች፣ ይሄም ልምድ ነው!» አለና በዚያ ሁሉ መሃል ሰው ሳቀ። ሳቁ የሚያስለቅስ ዓይነት ነበር። ቅመም ወረቀቶቹን ከመሬት እየለቀመች ላሉት መለሰች፤ ለኋለኞቹም ሄዳ ደግማ ነገረቻቸው። የስፖንሰሩ መኪና ጥሩምባ እየነፋ መጣ። ልጆቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ገባ። አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ቅመምን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እንግዳውን ተከትላ ገባች።

ባለ ሰፊ ጫማዋ ልጅ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ከተረከዟ ወረቀቱን ታወጣለች። ወንድሟ ክላሰሩን ይዞ እዚያው እንደቆመ ነው፤ ከፊቱ ሰልፍ የለም፣ ከኋላውም የለም።

«ጋሼ፣ ቤት ሂድ በቃ» አለችው።

«እስቲ ትንሽ ልቁም» አለ። አላያትም። «አሁን ከሄድኩ እማዬ ቶሎ መጣህ ትለኛለች።»

ቅመም እንባዋ መጣ። ማልቀስ ግን አይበቃም፤ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ደስ ብሏቸው የሄዱት ሰዎች ወረቀት እስከ ግማሽ ሞልቷል። እንደውላለን ብላቸዋለች።

ከወንድሟ እግር አጠገብ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከላይ ያለውን ወረቀት አነሳች። ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካች ደወለች። ስልኩ አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

«አቤት! አቤት፣ እኔ ነኝ!»