ሽንኩርት ያልበላችው ልጅ

«በእጅሽ እንዳትነኪው» አሉ ዶክተር ሆሪፖዶ፣ ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች ብልቃጡ ክዳን ላይ እየቆጠሩ። «ከተነካ ኃይሉ ይጠፋል። ሽንኩርት ከበላሽበትም አይሠራም። በይ፣ ምላስሽን ወደ ላይ።»

ቱክቱኪ ታዛዥ ናት፤ አፏን ከፈተች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ይሄ ሁለተኛ ብልቃጧ ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቷ በር ላይ ልቧ መደለቅ ጀመረ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ወዴት እንደምትሮጥ ሳታውቅ አስፋልት መሃል ገባች። አውቶቡሱ የቆመው አንድ ክንድ ሲቀረው ነው።

ጁምኪ መደርደሪያው ሥር ተቀምጣ ብልቃጦች ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። የዶክተሩ የልጅ ልጅ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ። አያቷ ሆሚዮፓቲ በሚባለው፣ በጥቂት በጥቂቱ በተቀመመ የክኒን ሕክምና የሚያክሙ ሐኪም ናቸው፤ በሕንዷ ክሪሽናናጋር ከተማ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚችው የፊት ክፍል ሰው ሲያክሙ ኖረዋል።

«ዶክተር፣ ሆስፒታል ለሰኞ ቀጥረውን ነበር፤ የጭንቀት ሐኪም ጋ» አለች ሺፕራ፣ የቱክቱኪ እናት። «እንሂድ ይላሉ?»

«እኔ አትሂዱ አልልም። ግን እቺን እያት።» በብዕራቸው ጁምኪን አመለከቱ። «ልክ እንደ ልጅሽ ነበረች። ይኸው ስድስት ወሯ፣ አንድ ቀን ይዟት አያውቅም።»

«ተመስገን። እንግዲያው ምን አንከራተተን» አለች ሺፕራ፣ የቀጠሮውን ወረቀት በመዳፏ እየጨመደደች።

ጁምኪ አንገቷን ደፋች። ትናንት በሒሳብ ፈተና መሃል ይዟታል። ሽንት ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ አሁን ሞትኩ እያለች ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

የዋሸችው ክፉ ሆና አይደለም። መጀመሪያ «አልተሻለኝም» ስትል አያቷ «ሽንኩርት በልተሻል? በእጅሽ ነክተሻል?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛ ጊዜ «ሲብስ እኮ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ መጽሐፎቻቸውን ከምረው፣ ምሳቸውን ረስተው፣ ገጽ ሲገልጡ ዋሉ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ለእሷ ብለው። አንጀቷን በሉት፤ «ተሻለኝ አባባ» አለች። አለቀሱ። ለሰፈሩ ሁሉ ጣፋጭ አደሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ጭራሽ እያደር ከበደ።

ሺፕራ ደጃፍ ላይ ጫማዋን ስትፈልግ ቱክቱኪ ወደ ጁምኪ ተጠጋች።

«እውነት አንቺ አሁን አይመጣብሽም?»

«ቀስ እያለ ይሻልሻል።»

«አትሸውጂኛ። እኔ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ጨርሼዋለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሽንኩርት አልበላሁም። በእጄም አልነካሁትም። ግን ያዘኝ። የሆነ ነገር አጥፍቼ ነው መሰለኝ። አለዚያ አንቺን ያዳነ እኔን ለምን አያድነኝም?»

እናቷ ስትጠራት ቱክቱኪ ጫማዋን ልታጠልቅ ወደ ደጃፉ ሄደች፤ ጁምኪ ቀና አለች። አያቷ የታማሚዎቻቸውን ደብተር ገልጠዋል። በእሷ ገጽ ግርጌ በቀይ ቀለም «ድናለች» ይላል። ለሚጠራጠር ሰው ሁሉ የሚያሳዩት ይህንን ገጽ ነው።

«አባባ» አለች። «ትናንትም ይዞኛል።»

ብዕራቸው ቆመ። «ሽንኩርት...»

«አልበላሁም። አንድ ሳምንትም ለቆኝ አያውቅም። ዋሽቼዎት ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቀዩን ቃል በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት። የጁምኪ ልብ መደለቅ ጀመረ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ። ይኸው መጣ። እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ሮጣ ልትደበቅ ቃጣትና ተወችው። ሁሉም እያዩዋት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እትዬ ሺፕራ፣ ያን ወረቀት እንዳትጥይው።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ሰኞ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ቱክቱኪ ያጠለቀችውን አንድ ጫማ አውልቃ ተመልሳ ገባችና እጇን ያዘቻት።