የሚካኤል ማግስት

«አንድ የጤፍ ማሳ አለ» ብላ ስንዱ ጀመረች። ማይክሮፎኑ አንዴ አፏጨና ጸጥ አለ። «አራት ሰዎች በዘጠኝ የሥራ ቀን አጭደው ይጨርሱታል።»

እፀገነት በጣቶቿ የምታሽከረክረውን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ስንዱ ከመናገሯ በፊት ታውቀው ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን።

«ባለማሳው ግን ስድስት ሰዎች አገኘና ሰኞ፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን አጨዳ ጀመሩ። ሰዎቹ ቅዳሜንና እሑድን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትንና ገብርኤልን ያከብራሉ። አጨዳው የሚያልቀው በየትኛው ዕለት ነው?»

ስንዱ ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች። አዳራሹ አጨበጨበ። እፀገነት ጎን ሆና የጓደኛዋን ጆሮ አየች፤ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ፊት መዋሸት ይችላል። ጆሮ ግን ገና አልሠለጠነም።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም.፣ ሞጣ ውስጥ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ላይ ነው። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ልጆች ይመጣሉ፤ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ፈቺ። ጠያቂው ከራሱ ጭንቅላት ያወጣውን ጥያቄ ያነብባል፤ መልሱን ግን አስቀድሞ በፖስታ አሽጎ ለዳኛው ይሰጣል። የራሱ መምህር እንኳ መልሱን አያይም። የተቃራኒው ትምህርት ቤት ፈቺ ዐሥር ደቂቃ አለው፤ ሁለቱም ፈቺዎች ከመለሱ ፈጥኖ የመለሰው ያሸንፋል። ቢቸናና ሞጣ የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሰዋል፤ ያሸነፈው ባሕር ዳር ይሄዳል። ከቢቸና ጠያቂዋ ስንዱ ነበረች፤ ፈቺዋ እፀገነት።

እፀገነት የራሷን ድርሻ ጨርሳለች። የሞጣዋ ጠያቂ ንግስት ያቀረበችው እንዲህ የሚል ነበር፦ የክፍሉን መስኮት ከሦስት ልጆች አንዱ ሰብሮታል። አንደኛው «ሁለተኛው ነው የሰበረው» አለ። ሁለተኛው «እኔ አይደለሁም» አለ። ሦስተኛውም «እኔ አይደለሁም» አለ። ከሦስቱ እውነት የተናገረው አንዱ ብቻ ነው። ማን ሰበረው?

እፀገነት ሦስቱንም በየተራ ጥፋተኛ አድርጋ ሞከረቻቸው። አንደኛው ቢሆን እውነተኞቹ ሁለት ሊሆኑ ነው። ሁለተኛው ቢሆንም ሁለት። ሦስተኛው ሲሆን ብቻ እውነት የሚናገር አንድ ሰው ይቀራል። «ሦስተኛው» ብላ በስድስት ደቂቃ መለሰች። ውሸታምን በእርሳስና በወረቀት ብቻ መያዝ እንደሚቻል አስባ ደስ ብሏት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሷ ሦስት የማታውቃቸውን ልጆች ስትጠረጥር የራሷ ውሸታም ጎኗ ተቀምጣ ነበር።

ስንዱ ያነበበችው ጥያቄ የእፀገነት ነው። ዘንድሮ ኅዳር፣ ከቢቸና ራቅ ብሎ ወዳለው የእናቷ አገር ለአጨዳ ሄዳ የጻፈችው። በዚያ መንደር ሚካኤል ተከብሮ ባደረ ማግስት ማጭድ የሚያነሳ የለም። እሷ ከመወለዷ በፊት፣ በዚያች ቀን፣ ያለ ወቅቱ የመጣ በረዶ የደረሰውን ጤፍ መሬት ላይ ዘርግፎት ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሩ ተሰብስቦ ቃል ገባ። አጎቷ አያ ውበቴ ማጭዱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ «ምነው አያ፣ በዓሉ ትናንት አይደል ወይ?» ብላው ነበር።

«ሚካኤል አንድ ጊዜ ነጭ እንግዳ ሰዶብን ነበር» አላት ሳይስቅ። «ይኸው በየዓመቱ በማግስቱ ቁጭ ብለን እንሸኘዋለን።»

እፀገነት በዚያው ሰዓት የሲቪክስ ደብተሯን ገልብጣ ከጀርባው ጥያቄውን ጻፈች። ከሥሩም መልሱን። አሠራሩን አልጻፈችም፤ ጽፋም አታውቅ። ቲቸር ሰማው ፈተናዋን ሲመልሱላት ሁልጊዜ በቀይ «አሠራሩስ?» ብለው ሁለት ማርክ ይቀንሱባታል። እሷ ደግሞ መልሱ ልክ እስከሆነ ድረስ እንዴት እንደደረሰችበት መናዘዝ ያለባት አይመስላትም።

ለውድድሩ ምርጫ ግን ይህን ጥያቄ አላስገባችም። «የባላገር ሒሳብ» ብለው ሙድ እንዳይዙባት ፈራች። አንዱ ከቢቸና፣ ሌላው ከሞጣ ስለተነሱ ሁለት አውቶቡሶች የሚናገር፣ ከመማሪያ መጽሐፉ የተወለደ የሚመስል ጨዋ ጥያቄ ሰጠች። ስንዱ ያን ሰሞን «ሲቪክስ ልገልብጥ፣ ደብተርሽን አውሺኝ» ብላ ዓርብ ወስዳ ሰኞ መልሳላታለች። ቲቸር ሰማው የስንዱን ጥያቄ ከሁሉ አስበልጠው መረጡ። እፀገነትም እልል ማለት ነው የቀራት፤ «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ስትላት ስንዱ «ሰርፕራይዝ ነው» አለች።

ሰርፕራይዙ ይኸው ሆነ።

ግን አንድ ነገር ጎድሏል። እፀገነት ስንዱ ያነበበችውን በሐሳቧ ደገመችው። «ገብርኤልን ያከብራሉ» ካለው ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። የለም። ስንዱ ቆርጣ ጥላዋለች።

በአራተኛው ደቂቃ የሞጣው ፈቺ ይታገስ እጁን አወጣ። ረጅም ነው፤ ሲነሳ ወንበሩ አብሮት ሊነሳ ምንም አልቀረው። «አራት በዘጠኝ ሠላሳ ስድስት። ለስድስት ሰው ሲካፈል ስድስት የሥራ ቀን» አለ። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ሦስት ቀን ሠሩ። ሐሙስ ዐሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። ዓርብ አራተኛቸው። ቅዳሜና እሑድ የለም፤ ሰኞ ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት። ማክሰኞ አምስተኛ፣ ረቡዕ ስድስተኛ። የሚያልቀው ረቡዕ፣ ኅዳር ዐሥራ ስምንት ነው።»

ዳኛው መምህር ጓዴ ፖስታውን ቀደዱ። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ ሒሳብ የዞሩ፣ ጠጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ላይ የተጻፈው ዓርብ፣ ኅዳር ሃያ ነው» አሉ።

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ቲቸር ሰማው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥሩ ጀመር።

«እኔም ስቆጥር ዐሥራ ስምንት ነው የሚመጣልኝ» አሉ መምህር ጓዴ። «ልጄ፣ እነዚህን ሁለት ቀኖች ከየት አመጣሻቸው? አስረጂን። ካስረዳሽ ቢቸና አሸነፈች። ካላስረዳሽ በሰዓት ይታገስ ይቀድማል።»

ስንዱ ተነሳች። ወረቀቱን ዘረጋችው፤ ወረቀቱ ግን የሚያውቀው እሷ የጻፈችበትን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እፀገነት ዞረች።

«እፀ» አለች በከንፈሯ ብቻ። «በናትሽ።»

«አጋርሽም ማስረዳት ትችላለች» አሉ ዳኛው።

እፀገነት ዝም ብትል ስንዱ እዚያው ሕዝብ ፊት ትቀልጣለች። ያን ማየት ፈልጋለች፤ አልፈለገችም ብንል ውሸት ነው። «ስታነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለለች፣ እኔ ልሙላው» ብትል ደግሞ መምህር ጓዴ ይቀበሏት ይሆናል፤ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ጥያቄውም እስከ ወዲያኛው የስንዱ ሆኖ ይቀራል። አያ ውበቴም፣ በረንዳውም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማጭድም የስንዱ ይሆናሉ።

ተነሳች።

«ጥያቄው እንደተነበበው ከሆነ የይታገስ መልስ ልክ ነው» አለች። «ረቡዕ፣ ኅዳር ዐሥራ ስምንት።»

ከኋላ «ምን ነካት?» ሲባል ተሰማ።

«ሃያስ?» አሉ መምህር ጓዴ።

«ሃያ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። በዚያኛው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ‹የሚካኤልንም ነጭ እንግዳ በማግስቱ ቁጭ ብለው ይሸኛሉ› ይላል።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው ላይ ማንከባለል ጀመሩ። «ቁጭ ብለው... ዐሥራ ሦስት ወጣች። እንግዲህ አራተኛው ማክሰኞ ይሆናል፣ አምስተኛው ረቡዕ፤ ሐሙስ ገብርኤል ነው። ዓርብ ሃያ።» ቀና አሉ። «ነጩ እንግዳ በረዶ ነው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ሰሙ ግብዣ፣ ወርቁ ጥፋት» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም፤ አንዴ ስንዱን፣ አንዴ እፀገነትን አዩ። የገባቸው ነገር ቢኖርም አልተናገሩትም። «ያልተነበበ አይቆጠርም። ሞጣ አሸንፏል።»

ከአዳራሹ ወጥተው ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ ቲቸር ሰማው ሚኒባስ ሊያናግሩ ቀደሙ። ስንዱ እፀገነትን ከኋላ ከኋላ ስትከተል ቆይታ ደረሰችባት።

«አሸንፈን ነበር እኮ፣ እፀ። ዘለለችው ብትዪ በቃ ነበር። ሰውየው ወዶት ነበር።»

«ዘለልሽው?»

ስንዱ መሬት መሬት አየች። «ቆረጥኩት። ሒሳብ አልመሰለኝም። ግጥም ነገር መሰለኝ።»

«እና መልሱን አልቆጠርሽውም?»

«ቆጠርኩት። ሦስት ጊዜ። ሦስቴም ዐሥራ ስምንት መጣ።»

«ሦስት ጊዜ ዐሥራ ስምንት መጥቶልሽ ሃያ ብለሽ አሸግሽ።»

«ያንቺ መልስ ነዋ» አለች ስንዱ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺ መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። ደብተርሽ ላይ ደግሞ አሠራር የለም። ሁልጊዜ መልስ ብቻ።»

«ይቅርታ፤ ለሌባ እንዲመች አድርጌ አለመጻፌ የኔ ጥፋት ነው።»

ስንዱ እንደተመታ ሰው ቆመች። «አንቺ ደብተርሽ ሙሉ ጥያቄ አለሽ። እኔ አንድ እንኳ አይመጣልኝም። ከክፍላችን ልጆች ሌሊሳ ወይም አገሬ ጠያቂ ሆነው ተመርጠው አንቺ ከነሱ ጋር እንዳትሄጂ ብዬ ነው። አብረን እንድንሄድ።»

«ብትጠይቂኝስ?»

«ትሰጪኝ ነበር?»

እፀገነት «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። እውነት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ያልቆጠረችውን መልስ ደግሞ መስጠት አትወድም። መንገዷን ቀጠለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ስንዱ እንደ ጠዋቱ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ይዛላት ነበር፤ የማታ ሹራቧን አጣጥፋ አስቀምጣበታለች። እፀገነት ሹራቡን አየችው። ከዚያ ትታው ከስንዱ ፊት ባለው ወንበር ላይ፣ የሽንኩርት ዘንቢል በእግሮቻቸው መካከል ካስቀመጡ አንዲት ሴት ጎን ተቀመጠች። ሴትዮዋ «ነይ ልጄ፣ ተጠጊ» ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ደብረ ወርቅ ደረሱ፤ አለፉም። ከተማዋ ከኋላ ስትቀር ከሾፌሩ ጎን የነበሩት ቲቸር ሰማው ዞሩ።

«እፀገነት፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስሉት የመጡ ይመስላሉ። «ስንዱ ያላነበበችውን ዓረፍተ ነገር አንቺ በቃልሽ እንዴት አወቅሽው?»

ሚኒባሱ ጉድጓድ ገባና ወጣ። ሽንኩርቱ ተንኳኳ። «ጥያቄው የኔ ነው» የሚል ሦስት ቃል ይበቃት ነበር። ሦስቱም ምላሷ ላይ ተዘጋጅተው ነበር።

«ስንዱን ይጠይቋት፣ ቲቸር» አለች። «እሷ ታውቃለች።»

ቲቸር ሰማው ዓይናቸውን ከእሷ አሻግረው ወደ ኋላ ወንበር ላኩ። እፀገነት ከቦርሳዋ የሲቪክስ ደብተሯን አውጥታ ገለበጠችው። ገጹ ጠርዙ ላይ የማታውቀው እጥፋት አለበት። «መልስ፦ ዓርብ፣ ኅዳር 20» ከሚለው በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። እስክሪብቶዋን ከፍታ፣ መኪናው እያንገጫገጫት፣ «አሠራር» ብላ ጻፈች።

4 × 9 = 36። 36 ÷ 6 = 6 የሥራ ቀን።

ሰኞ 9፣ አንድ። ማክሰኞ 10፣ ሁለት። ረቡዕ 11፣ ሦስት። ሐሙስ 12፣ ሚካኤል።

እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ቲቸር ሰማው አሁንም ዞረው ይጠብቃሉ። እሷም አልቸኮለችም።

«ቲቸር» የሚል ቀጭን ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ። «ጥያቄው...»

እፀገነት አልዞረችም። አንገቷን ደፍታ «ዓርብ 13» ብላ ጻፈች። ከጎኑ ቁጥር አላስቀመጠችም፤ «ሽኝት» ብላ መስመሩን ዘጋች።