ሁለተኛው ገንዳ

አሰልጣኝ ሽበሺ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት፣ በቡና መፈልፈያው የሁለተኛው ማብላያ ገንዳ ቡና ወደ ማጠቢያው ቦይ ሲለቀቅ ነው። ቡናው ወርዶ ወለሉ ሲገለጥ ከአሮጌ ጆንያ ሥር የኳስ ጫማ ያደረገ እግር ወጣ።

የእሸት ቡና ልጣጭ ሲበሰብስ፣ እንኳን ሬሳ ተጨምሮበት እንዲሁም አንጀት ይገለብጣል። ወይዘሮ ወርቅዬ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆሙ። የልጅ ልጃቸው ልያ ሰው አገር ታድራለች ሲባሉ እንቅልፍ ስለሚነሳቸው፣ እሷ የቡድኑ በረኛ ከሆነች ጀምሮ ማሊያ አጣቢ ነኝ እያሉ ከጅማው ሰፈራቸው ከቦሳ ኪቶ ይከተሏታል። አሁን ያ ሁሉ ጥበቃ መና ቀርቶ፣ ልያ ገዳይ ተብላ እጇን ታስራ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣለች። ማታ ወደ ጅማ እስር ቤት ትወሰዳለች ተብሏል። በ1977 ዓ.ም. የተወሰደ ልጅ መቼ እንደሚመለስ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

የከፋ ሴቶች ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ የተደረገው እሑድ፣ ከአጋሮ ማዶ ካለው ከዚህ የቡና መፈልፈያ አጠገብ ነበር። ሽበሺ በእረፍት ሰዓት ከሜዳ እንደወጣ ቀረ። ሰኞን ሙሉ ሲፈልጉት ዋሉ።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ዘለቀ ከጅማ የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቀጭን ሰው ነው። መሐረቡ ውስጥ ግማሽ ሎሚ ይዞ እያሸተተ ገንዳውን ዞረው። ከዚያ የሬሳውን ማጅራት አየ። በድንጋይ ተመትቷል።

«እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣» አለው የሊጉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ እንድርያስ፣ «ከመፈልፈያው ሥራ አስኪያጅ ጋር በረንዳው ላይ ራት ስንበላ፣ ልያና ሽበሺ ገንዳው አፋፍ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአሰላለፍ አውጥቷት ነበር፣ ቂም ይዛለች። መትታ ገፋችው፣ ሰመጠ። ሌላ ምን ምርመራ አለው?»

«ሥራ አስኪያጁም አዩ?»

«ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።»

ልያ መጋዘን ውስጥ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«እሑድ ማታ ወጥተሽ ነበር?» አላት ዘለቀ።

«ወደ ወንዙ። ጭቃዬን ልታጠብ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«አትሂጂ ብያታለሁ እኮ፣ ጌታዬ፣» አሉ ወርቅዬ፤ «ጅብ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሰው አለ እያልኩ…»

«እማማ፣ እርስዎ ጋ እመጣለሁ።»

አምበሏ ከድጃ ግን አንገቷን የምትደፋ አልነበረችም።

«በእረፍት አንድ ለዜሮ እየተመራን ነበር። ጋሽ ሽበሺ ሎሚ አድሎን ወጣ፣ አልተመለሰም። ተስፋ ቆርጦ ጥሎን የሄደ መሰለን። በንዴት ሁለት አገባን።»

«ልያን ከአሰላለፍ ያወጣት እሱ ነው?»

«እሱማ አልቅሷል። ወረቀቱ የመጣው ከኮሚቴው ነው። እሑድ ግን ወረቀቱን ጥሶ አሰለፋት።»

«ዋንጫ ሲሰጣችሁ የተለየ ነገር አላየሽም?»

«ጓድ እንድርያስ በዚያ ሐሩር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። ወባ ይዞታል ብለን ሳቅን።»

ዘለቀ ከዚያ የገንዳዎቹን ተቆጣጣሪ ሸኩርን ጠየቀው።

«ሁለተኛው ገንዳ ዘንድሮ አንድም ቀን አልሠራም ነበር፣» አለ ሸኩር። «እሑድ ገበሬው ሁሉ ሴቶች ኳስ ሲጫወቱ ልይ ብሎ መጣ። ባዶ እጁን አይመጣ፣ እሸቱን በበቅሎ ጭኖ መጣ። አንደኛው ሞልቶ ፈሰሰብኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሁለተኛው ለቀቅሁት።»

«ገንዳውን ጠርገህ?»

«ኤዬ፣ አዎ፣ ጠርጌ።» ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር።

ዘለቀ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ገና ቡና ወዳለበት ወደ አንደኛው ገንዳ ወረደ። አረፋው አተላ የመሰለ፣ ዝንብ የወረሰው ነው። እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመ። ወዲያ ወዲህ ተራመደ፣ ከዚያ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰው። ጓድ እንድርያስ በረንዳ ላይ ሆኖ ሳቀ።

ወርቅዬ ውኃ ቀዱለት። እግሩን እያጠበ፣ «እሑድ ስንት ማሊያ አጠቡ?» አላቸው።

«አሥራ አራት። እና የጓድ እንድርያስን ሸሚዝ።»

«ምን ነክቶት?»

«ደም። አንዷን ልጅ ነስሯት ሳነሳት ነካኝ አለ። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቅ፣ ወዲያው…»

«ከአሥራ አራቱ ማሊያ ደም ያለበት የቱ ነበር?»

ወርቅዬ አንድ በአንድ አስታወሱ። ጭቃ ነበረ። ሣር ነበረ። ደም ያለበት አንድም አልነበረም። እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። ያንን ሸሚዝ በነዚህ ጣቶች አሽተው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ አጣጥፈው «እግዜር ይስጥልን ጓድ» ብለው ነበር ያስረከቡት። ከምድጃ አመድ ዘግነው እጃቸውን መፈተግ ጀመሩ።

አሥር ሰዓት ላይ ዘለቀ ሁሉንም ሚዛን ቤት ሰበሰበ። ልያንም አስመጣት። ሁለት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«ጓድ እንድርያስ ተገፍቶ ሰመጠ ብለዋል፣» አለ። «ሸኩር፣ ሰው እዚያ ቡና ውስጥ ይሰምጣል?»

«ሠራተኞቼ እላዩ ላይ ቆመው ነው የሚያሹት፣ በእግራቸው። ከጉልበት አያልፍም።»

«እኔም ገብቼ አየሁ፣ እግሬም እስካሁን ይሸታል። እሱ ግን የተገኘው ወለሉ ላይ ነው። ቡናው የፈሰሰው በላዩ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ገንዳውን ጠርገህ ቢሆን ታየው ነበር፣ ሸኩር።»

ሸኩር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አልጠረግሁም። መሽቶብኝ ነበር፤ የጆንያ ክምር መሰለኝ። ወላሂ ሰው አለበት አላልኩም። ያልተጠረገ ገንዳ ብዬ ብናገር እታሰራለሁ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ሽበሺ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሞቶ ተኝቷል። ልያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በረኛ ነበረች፣ ከዚያ ሰው ትከሻ ላይ ሆና ስትጨፍር አገር አይቷታል። አንድ ሰዓት ላይ ሽበሺን በሕይወት አየሁ ያለ ሰው ግን አለ። ከተሜ ነው፣ ማታ ገንዳው ሞልቶ ሲያየው እንደ ኩሬ ውጦ የሚያስቀር መሰለው። በእረፍት ሰዓት መትቶት ደረቅ ገንዳ ውስጥ ጎተተው፣ ጆንያ አለበሰው። ደም የነካውን ሸሚዝ በኮት ደብቆ ዋንጫ ሸለመ። ከዚያ ለእማማ ወርቅዬ አሳጠበው። ነስሯታል ያላት ልጅ ግን ከቡድኑ የለችም።»

«ሽበሺ ምኔ ነው የምገድለው?» አለ እንድርያስ ተደላድሎ። «ምክንያት አምጣ። ካጣህ ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ፣ ያንተንም ነገር ለበላይ እናገራለሁ።»

ዘለቀ ወደ ሌሎቹ ዞረ። ጠባቂዎቹ ማንን እንደሚይዙ ጠፍቷቸው ተያዩ።

ወርቅዬ የልብስ ጥቅላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ሽበሺ እሑድ ከጨዋታው በፊት ሰማያዊ ደብተር ሰጥቷቸው ነበር፤ «ዋንጫ ሲሰጥ በሕዝብ ፊት አነብበዋለሁ፣ እስከዚያ ከእድፉ መሀል ይሁን» ብሎ። በመሠረተ ትምህርት ባገኟት ንባብ ማታ ከፍተው የልያን ስም አገኙ። ይህ ቢወጣ ከጅማ እስከ አጋሮ ስሟን ገበያ ያኝከዋል፤ ስለዚህ ደብቀውት ነበር።

«አውጪው፣ እማዬ፣» አለች ልያ። «ስትደብቂው አይቻለሁ።»

ወርቅዬ ከጥቅሉ አወጡት። ዘለቀ የልያን ገመድ ፈትቶ ደብተሩን ሰጣት። የአምስት ዓመት የሊጉ ታሪክ ነበር፤ የጨዋታ ውጤት፣ ግብ ያገባች፣ ስድስት የነበሩት ቡድኖች ሁለት እስኪቀሩ ድረስ። ከዳር አንድ ዓምድ ተሠምሯል፤ «ከአሰላለፍ የወጣችበት ምክንያት» ይላል።

«ዙህራ፣ 1974፣» አነበበች ልያ። «ማታ የሊቀ መንበሩ ቢሮ ነይ ተብላ አልሄደችም። ጽጌ፣ 1975። ሄደች። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካችም።» ገጹን ገለጠች። «ልያ፣ 1977። በሩ ተቆለፈባት። በመስኮት ዘላ አመለጠች።»

«በእረፍት ሰዓት ይህን እንደሚያወጣ ነግሮዎት ነው የገደሉት፣» አለ ዘለቀ።

«የሴት ወሬ፣» አለ እንድርያስ። ግን ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ የሸኩር ሠራተኞች የቡና መግፊያ እንጨታቸውን ይዘው ተደርድረዋል።

ከድጃ እግሩ ሥር እንትፍ አለች። ጠባቂዎቹ ያኔ ማንን እንደሚይዙ ገባቸው።

ረቡዕ በጭነት መኪና ሲመለሱ ልያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የእሑዱን ጨዋታ ሞላች። ሁለት ለአንድ። አሰልጣኝ፣ ሽበሺ። የዳሩን ዓምድ ባዶ ተወችው።

ወርቅዬ እጃቸውን ከመኪናው ውጭ ለነፋስ ሰጥተው ነበር። አመዱም፣ የዘለቀ ሎሚም ሽታውን አላስለቀቀላቸውም። ልያ እጃቸውን ስባ ወደ ውስጥ አስገባችው፣ በሁለት መዳፏ ያዘችው፤ ቦሳ ኪቶ እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።