አባላቱ ቆመው ይጠብቁ

ሥራውን የያዘችው ለበቀል ነበር። ደሞዙን እንኳ በቅጡ አልጠየቀችም።

ከወንድሟ ጋር በእናት ነው የሚገናኙት፤ የአባታቸው ስም ይለያያል። ስለዚህ የክፍሉ አለቃ ማመልከቻዋን ሲያነብ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። «ንድፍ የሚጽፍልን ሰው አጥተን ነበር» አላት እጇን እየጨበጠ። አጥታችሁ ሳይሆን ገፍታችሁ ነው አለች በልቧ። በአፏ ግን አመሰገነች።

ወንድሟ በዚያው ክፍል፣ አሁን እሷ በተሰጣት መስኮት ሥር ነበር የሚሠራው። ይጽፍ የነበረው የምናባዊ መሣሪያዎችን ደንብ ነው፤ እጅ የማይዳስሳቸው፣ በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተፈጥረው እንደ እውነተኛ ማሽን የሚሠሩ ዕቃዎች። ዕቃዎቹ በቡድን ይደራጃሉ፣ ለየቡድኑም መሪ ይሾማል። ቡድን እንዴት ይፈጠር፣ እንዴት ይደግ፣ እንዴት ይፍረስ፣ ሁሉም በዚያ ሰነድ ይወሰናል። እናታቸው ነገሩ አልገባት ብሎ «የሌለ ዕቃ ለመጠበቅ ነው የሚከፍሉህ?» ስትለው፣ «እማዬ፣ የሌለ ዕቃ ሲጠፋ የሚያለቅሰው ያለ ሰው ነው» ይላት ነበር።

ጢሙን ሲላጭ አንቀጾቹን ጮክ ብሎ ይለማመዳል። አንዷን እህቱም በቃሏ ይዛታለች፦ «የቡድኑ መሪ ሲጠፋ አባላቱ አብረው አይጥፉ፤ አዲስ መሪ እስኪሾምላቸው ቆመው ይጠብቁ።»

አለቃው ያቺን አንቀጽ ሥራ ታጓትታለች ብሎ ሰረዛት። ብዙም አልቆየ፣ አንድ ሠራተኛ በስህተት አንድ መሪ ሲያጠፋ የአንድ ደንበኛ ማሽኖች በሙሉ አብረው ጠፉ፤ የያዙትም ሁሉ። አለቃው ለድርጅቱ ባለቤት «ከመጀመሪያውም አልጻፈውም» አላት። ረቂቁ ያለው አለቃው ጋ ብቻ ነበር። ወንድሟ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት? ተባረረ። ከዚያ በኋላ ጢሙን አልተላጨም። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ሐኪሞቹ ልቡ ነው የገደለው አሉ። እሷ ግን ገዳዩን በስም ታውቀዋለች።

በዚህ ሁሉ መሃል ያላሰበችው ቀጭኔን ነው።

ቀጭኔ የሚሉት ሞካሪውን ነው፤ በር ሲያልፍ አንገቱን ስለሚሰብር። ሥራው ንድፉ የቱ ጋ እንደሚሰበር መፈለግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈችውን ይዞ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«እህት፣ ቡድኑ አባል ባይኖረውስ?»

«ባዶ ይሆናላ።»

«ባዶ ቡድን መሪ ይኖረዋል?»

«አንተን ከሾሙህ፣ አዎ።»

ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበርና ደነገጠች። መታጠቢያ ቤት ገብታ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አፍጥጣ አየች። ለዚህ ነው የመጣሽው?

በምሳ ሰዓት ከሕንፃው ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ አብረው መቀመጥ ጀመሩ። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ አይቆረጥም፤ ረጅም ጥምዝ ሆኖ ይወርዳል። ግማሹን ሲሰጣት ጣቶቻቸው ይነካካሉ፣ ሁለቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ዝምታውን ወደደችው። የወደደችውን ያህል ተናደደችበት።

ድርጅቱ አንድ ደንብ አለው። የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁሉም እማማ የሚሏት ሴት፣ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማንኛውም ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በፊቷ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ማንም አይቀመጥም። ያነበበው ሰው ኃላፊነቱን ወሰደ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወንድሟ ነበር ያነበበው፤ አንቀጹ ተሰርዞ የተሰጠውን። ከንባቡ በኋላ አለቃው ለደንበኞች ያሳያል። ዘንድሮ «ያ ችግር ተፈቷል» ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል፤ በፊታቸው መሪውን በገዛ ጣቱ ሊያጠፋ ነው።

እሷም አንቀጹን ሆን ብላ አስቀረችው። በቦታው ላይ ላዩን የሚያምር፣ ውስጡ ምንም የሌለው ዓረፍተ ነገር አስቀመጠች። አለቃው ማጥፊያውን ሲጫን ሁሉም ነገር በገዛ ጣቱ ይናዳል። በዚህ ሐሳብ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

በንባቡ ዋዜማ ቀጭኔ ብርቱካኑን ሳይልጠው በእጁ ያንከባልለው ጀመር።

«ስለ መሪው መጥፋት የጻፍሽው ባዶ ነው» አላት።

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«አንቺ አትሳሳቺም።» ቀና ብሎ አያት። «የእሱ እህት ነሽ፣ አይደል? ስትናደጂ ቅንድብሽን እንደ እሱ ነው የምታነሺው።»

ከተቀመጠችበት ፈቀቅ አለች።

«አንቀጹ ሲሰረዝ እዚያው ቆሜ ነበር» አለ። «እማማ ስትጠይቅም ነበርኩ። ዝም አልኩ። ሥራዬን ፈራሁ።»

«አንተም!»

«እኔም።»

«እሱ ግድግዳ እያየ ሲሞት አንተ እዚህ ብርቱካን ትልጥ ነበር?»

ብርቱካኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። «ነገ የማነበው እኔ ነኝ» አለ። «እንዳለ ላንብበው? አንብብ ካልሽኝ አነባለሁ።»

«አንብብ!» ብላው ተነሳች። ይውደቅ፤ ሁለቱም ይውደቁ።

በማግስቱ እማማ ምርኩዟን ይዛ ከፊት ቆመች። ደንበኞቹ ከጎኗ፣ አለቃው ከማሽኑ አጠገብ። ቀጭኔ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ያ ቦታ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ አያት፤ ልመና የለበትም፣ ወቀሳም የለበትም። ወንድሟም እዚህ ቆሞ እንዲህ ነበር ያነበበው። አለቃውን አየችው። ማሽኑ ቢናድ ጣቱን የሚቀስረው ወዴት እንደሆነ ገባት፤ ወዳነበበው ሰው ነው። እሱማ አንድ ጊዜ አምልጧል፣ እንደገና ያመልጣል።

«ቆይ!» አለች። «አንድ አንቀጽ ቀርቷል። እኔ ልበለው።» በወንድሟ አነጋገር፣ ጢሙን ሲላጭ እንደሚለው ቃል በቃል አለችው፦ «የቡድኑ መሪ ሲጠፋ አባላቱ አብረው አይጥፉ፤ አዲስ መሪ እስኪሾምላቸው ቆመው ይጠብቁ።»

የአለቃው ፊት ደም ለበሰ። «ይሄ ከእኔ ማሽን የተሰረቀ ነው! እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው! ማን ከፍቶ ሰጠሽ?»

እማማ ምርኩዟን ወለሉ ላይ ኳ አደረገች።

«ከመጀመሪያውም አልጻፈውም ብለኸኝ አልነበር?»

አለቃው ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

«ጽፎታል» አለ ቀጭኔ። «እሳቸው ሲሰርዙት እዚሁ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ዝም ብያለሁ።»

«ማንም ከፍቶ አልሰጠኝም» አለች እሷ አለቃውን እያየች። «የእናቴ ልጅ ሲላጭ ይለው ነበር።»

እማማ እጇን ዘርግታ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለችው። አለቃው በደንበኞቹ መሃል አቀርቅሮ ሲወጣ እህትየው ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ጣፈጣት። የበሩ ድምፅ ሳይቀር ጣፈጣት።

ወደ ቤት ስትሄድ ቀጭኔ ከኋላዋ መጣ። ከደጃፏ ስትደርስ ዞረች።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ለእማዬ ልነግራት ነው። የአንተንም ዝምታ እነግራታለሁ። እዚህ ቆመህ ጠብቅ።»

እናቷ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሟች ልጇ ኮት ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ማካፋት ጀምሯል።

«ያ ረጅሙ ነው ዝም ያለው?»

«እሱ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ተናገረ።»

እናትየው እንደገና አየችው። «ትወጂዋለሽ?»

«እኔንም አናዶኛል፣ እማዬ።»

«እሱን መች ጠየቅኩሽ?»

እናቷ መጋረጃውን ለቀቀችው። «ትንሽ ይበስብስ» አለች። «ከዚያ ግባ በይው።»

ትንሽ በሰበሰ። ከዚያ በሩን ከፈተችለት፤ አንገቱን ሰብሮ ገባ። እርጥብ ኮቱን የት እንደሚሰቅለው ግራ ገብቶት ሲቆም፣ ከእጁ ወስዳ ከወንድሟ ኮት አጠገብ ሰቀለችው። እስከ ዛሬም እዚያው ነው የሚሰቀለው።